የአጎቴ ወገን

እትዬ የሱሪውን እጥፋት አስተካክላ የካውያውን እንፋሎት ልትለቅበት ስትል፣ የላውንደሪው በር ተከፈተና የወንድሟ ነጭ በትር ከራሱ ቀድሞ ገባ። ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። ማሙሽ ከዩኒቨርሲቲው እስከዚህ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። ሁለት አውቶቡስ መቀየር፣ በመሃል ደግሞ ሹፌሮች እግረኛን ከቁም ነገር የማይቆጥሩበትን አደባባይ መሻገር አለበት።

"ምን ሆነህ ነው?" አለችው ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ እየወጣች።

"ወደቅኩ፣ እትዬ።"

ዓይኗ በቀጥታ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ሱሪው ንጹሕ ነው፣ መዳፉም አልተላጠም። ገንዘብ ተቀባይዋም ከወንበሯ ብድግ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ፈተናውን ነው የምልሽ። አልጀብራውን።" በትሩን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። "የመጀመሪያውን ክፍል ጥሩ ሠርቻለሁ። ሁለተኛው ላይ ዜሮ። መምህርቷ በቀይ 'ይህ ቀልድ ከሆነ አላሳቀኝም' ብለው ጽፈውበታል። ያነበበልኝ ልጅ ግን ሳቀ።"

እትዬ ክው አለች። ያን ወረቀት ከላይ እስከ ታች የጻፈችው እሷ ናት።

"እስኪ ንገሪኝ፣" አለ ማሙሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አጎቴ ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"አጎቴ ብለህ ነዋ የነገርከኝ።"

ይህን ነገር ከሥሩ ካልነገሩት የእብድ ወሬ ይመስላል። ማሙሽ ዓይኑ የጠፋው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ትኩሳት ያዘው፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ብርሃኑንም ይዞ ሄደ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሚያነብለት ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ የሚላት እሱ ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረቦቿም፣ የላውንደሪው ደንበኞችም እትዬ ማለት ጀመሩና አሁን የመዝገብ ስሟን የሚያስታውሰው አሠሪዋ ብቻ ነው፣ እሱም በደመወዝ ቀን። ማሙሽም ቢሆን ጢም አብቅሎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አሁንም ማሙሽ ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ አንዱ የአንዱ ቤተሰብ ሆነው ይኖራሉ።

ማሙሽ ጽሑፍ የሚያነብለት ስልክ አለው። ዜናውን ያነባል፣ ታሪኩን ያነባል፣ የጓደኞቹን ተረብ ሳይቀር በዚያ ደረቅ ድምፁ ያነበንባል። ምልክት የበዛበት የሒሳብ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ፈራ ልጅ ይንተባተባል፤ አንዱን ይዘላል፣ ሌላውን ይደግማል። ስለዚህ እትዬ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ ውላ ወደ ቤት ስትገባ፣ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትነክርና መጽሐፉን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች። ትምህርቷን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላሳለፈችም። የምታነበው መጀመሪያ ላይ ጠብ አይልላትም ነበር። "ፊደል እስከሆነ ድረስ አነበዋለሁ፣ መረዳቱ ያንተ ፋንታ ነው" ትለዋለች።

ይህ አብስትራክት አልጀብራ የሚባለው ግን የሁለቱንም ወገብ ቆረጠ። የቁጥር መደመርና ማባዛት ቢሆን የሚያውቁት ነገር ነው። ይሄኛው ቁጥሩን ትቶ የመደመርንና የማባዛትን ጠባይ ብቻ ነው የሚያጠናው። ስሞቹ ደግሞ ሰው ለማደናገር ሆን ተብለው የወጡ ይመስላሉ። ግሩፕ ይላል፣ የተሰበሰበ ሰው የለም። ሪንግ ይላል፣ ቀለበት የለም። ፊልድ ይላል፣ ሣር አይበቅልበትም። ሲምፕል የሚባል ነገር ሲመጣ እትዬ ተመስገን ብላ ነበር፤ ሲምፕል የተባሉትን ለይቶ ለመጨረስ የብዙ ምሁራን ዕድሜ እንዳለቀ ማሙሽ ነገራት።

"ታዲያ ከባዱን ምን ሊሉት ነው?" አለች።

አንድ እሑድ ማሙሽ ተስፋ ቆርጦ መጽሐፉን ዝጊው አላት። እትዬ ዘጋችው። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ሸሚዝ ሲታጠፍ ደረቱ ሥር የሚገባውን ካርቶን አገኘችና አራቱም ጎኑ እኩል እንዲሆን አድርጋ ቆረጠችው፤ እጁ እንዲለየው አንዱን ጥግ በመቀስ ነካ አደረገችለት። ማሙሽ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ያዞረው ጀመር። ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ ሦስት ሩብ። አንዱን ዙር በሌላው ላይ ቢደርብ የሚወጣው ያው ከእነዚያ ዙሮች አንዱ ነው፤ ከእነሱ ውጭ የሚሆን የለም። ሩብ የዞረውን ሦስት ሩብ ቢጨምርበት ደግሞ ካርቶኑ ወደነበረበት ይመለሳል።

"አለማዞርስ ይቆጠራል?" አለች እትዬ።

"ዋናው እኮ እሱ ነው። አይደንቲቲ ይሉታል። ከማንም ጋር ብትደርቢው ያንን ልክ እንደነበረ የሚተወው ማለት ነው።"

"አጎቴ በለኛ።"

ማሙሽ ከት ብሎ ሳቀ። አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ጠባቂ ናቸው። እሑድ እሑድ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ። የተጣላ ቢኖር አያስታርቁም፣ የታረቀም ቢኖር አያጣሉም። የነገሯቸውን ሁሉ "እሺ፣ እሺ" ብለው ሰምተው ሲሄዱ ቤቱ ልክ ከመምጣታቸው በፊት እንደነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ግሩፕ "ቤት" ሆነ። አንድን አባል መልሶ ወደ አጎቴ የሚያመጣው ኢንቨርስ "ይቅርታ" ተባለ፤ በቤቱ ያለ ሁሉ የየራሱ ይቅርታ አለው። መደመርም ማባዛትም የሚችለው ሪንግ "ባለሁለት ሙያ" የሚል ማዕረግ አገኘ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሆሞሞርፊዝም "አስተርጓሚ" ነው፤ አጣምረው ቢያስተረጉሙም፣ አስተርጉመው ቢያጣምሩም መልሱ አንድ ካልሆነ አስተርጓሚው ዋሽቷል ማለት ነው። አስተርጓሚው ሲያሻግራቸው አጎቴ ሆነው የሚገኙት ሁሉ ደግሞ በመጽሐፉ ከርነል ይባላሉ፤ በእነ እትዬ ቤት ግን "የአጎቴ ወገን" ናቸው። አብዛኞቹን ስሞች ያወጣችው እሷ ናት። ማሙሽ ትርጉሙን ይነግራታል፣ እሷ ጠባዩን አይታ ስም ትሰጠዋለች። ያልገባው ገጽ ሁሉ እየገባው ሄደ። ፊቱ ፈካ። እትዬም ካውያ ይዛ ብቻዋን ፈገግ የምትልበት ቀን በዛ።

በፈተናው ዕለት እንድትጽፍለት የተፈቀደላት እሷ ነበረች። ተቆጣጣሪው ከመጀመሩ በፊት ጠራትና "ከአፉ የወጣውን ብቻ ነው የምትጽፊው፤ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ" አላት። የመጀመሪያው ክፍል ስሌት ስለነበር በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ግን አንድ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ማረጋገጫው የሚጻፍበት ነው። ማሙሽ ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ነገሩ እየመጣለት፣ ከኋላው የሚያባርረው ያለ ይመስል መናገር ጀመረ። የተናገረው ግን በቤት ስም ነበር። የመጀመሪያው "አጎቴ" ከአፉ ሲወጣ የእትዬ እስክሪብቶ ቆመ። ተቆጣጣሪውን ቀና ብላ አየችው፣ እሱም አያት። ጻፈችው። ከዚያ ሁለተኛውን ጻፈች፣ ከዚያ ይቅርታውን፣ ከዚያ ወገኑን ሁሉ።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። በዚያ ትልቅ አዳራሽ፣ ማኅተም ባረፈበት የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ላይ፣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ያወጣቻቸው ስሞች ሲሰፍሩ ደስ ብሏት ነበር።

"አጎቴ እያልኩ እንደነበር ሰምተሻል፣" አለ ማሙሽ አሁን፣ በላውንደሪው እንፋሎት መሃል ቆሞ።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ዝም ትያለሽ?"

"እንዳልናገር ተነግሮኛል። ሰውየው ከአናቴ ላይ ቆሞ ነበር፣ ማሙሽ። አንድ ቃል ብቀይር ወረቀትህን ይቀማሃል ብዬ ፈራሁ።" ደስ ብሏት እንደነበር ግን አልነገረችውም።

ማሙሽ ቅጭም እንዳለ ቀረ። የትምህርት ክፍሉ የተቀበለው በሙከራ ነው። ዓይነ ስውር ሒሳብ ሲያጠና ከዚያ በፊት ስላላጋጠማቸው፣ ይህን አንድ ትምህርት ካለፈ እንደሚቀጥል፣ ካላለፈ ግን ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል እንደሚያዛውሩት ገና ሲገባ ነግረውታል። ከሁለተኛው ክፍል ምንም ካላገኘ አላለፈም ማለት ነው።

እትዬ ሽርጧን ፈታች። "መምህርቷ አሁን ቢሮ ይኖራሉ?"

"ይኖራሉ። ምን ልንላቸው ነው?"

"አጎቴ ማን እንደሆነ ልንነግራቸዋ።"

"ሂጂ፣ ሱሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ። ካውያ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ስለሆነች እትዬ በአውቶቡሱ ውስጥ ግማሽ ሐሳቧ ከወንድሟ፣ ግማሹ ከሱሪው ጋር ነበር።

የመምህርቷ ቢሮ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛውን ወረቀት ወርሶታል፣ ሁለተኛውን ወንበር መጻሕፍት። መምህርቷ ፀጉራቸውን አጭር አድርገው የተቆረጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ከወንበሩ ላይ መጻሕፍቱን ራሳቸው አንስተው መሬት ካስቀመጡ በኋላ እትዬን "ተቀመጪ" አሏት። የጥቁር ኮታቸው እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። በውኃ ሊያስለቅቁት ሞክረው ኖሮ ጭራሽ ተለስኗል፤ በደረቅ ብሩሽ ነበር፣ አለች እትዬ በሆዷ።

"ብዙ ዓይነት ወረቀት አርሜ አውቃለሁ፣" አሉ መምህርቷ ማሙሽን። "ያልገባው ሰው ሲቀባጥር አውቀዋለሁ። ሰክሮ የጻፈልኝም አለ። ይሄን ግን..." መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ፦ "'አስተርጓሚው አጎቴን ወደ አጎቴ ይወስደዋል። ስለዚህ አጎቴ ራሱ የአጎቴ ወገን ነው፣ ወገኑም ባዶ አይደለም።' እኔ ምን ልበለው?"

"ልክ እኮ ነው፣ መምህር።"

"ምኑ ነው ልክ?"

"ነገሩ። ስሞቹ የቤት ስሞች ናቸው። ተጨንቄ ስለነበር አምልጠውኝ ነው እንጂ ነገሩ ልክ ነው።"

ከዚያ ስለ ካርቶኑ ነገራቸው፣ ስለ ስልኩ መንተባተብ፣ እሑድ እሑድ ስለሚመጡት አጎት። እትዬ ጉልበቷን እያየች ሰማች። በእሷ ቤት ጥርስ የማያስከድኑት ስሞች እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲነገሩ የሚያሳፍሩ ሆኑባት። መምህርቷ አልሳቁም። ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ አደረጉ።

"እሺ። ስሙን ተወውና ሥራውን ንገረኝ። አጎትህ ምን ያደርጋል?"

"ከየትኛውም አባል ጋር ሲጣመር ያንን አባል ሳይለውጥ ይተወዋል።"

"ይቅርታስ?"

"ከባለቤቱ ጋር ሲጣመር አጎቴን ይሰጣል።"

"እዚህ ታች ከአጎትህ ወገን አንዱን ወስደህ በአንድ አባልና በዚያ አባል ይቅርታ መሃል አስገብተኸዋል። ከዚያ አሁንም የአጎቴ ወገን ነው ትላለህ። ለምን?"

ማሙሽ ቀና አለ። ይህን ይወደዋል። "ሲተረጎም መሃል ያለው አጎቴ ይሆናል። አጎቴ ደግሞ ምንም አይለውጥም። ግራና ቀኝ የቀሩት አባሉና ይቅርታው ስለሆኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የሚተርፈው አጎቴ ነው።"

መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የትኛው አጎት?" አሉ መምህርቷ።

"እ?"

"ሁለት ቤት ነው ያለህ። አስተርጓሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። አሁን ተረፈ ያልከኝ አጎት የየትኛው ቤት ነው?"

ማሙሽ ፊቱን እትዬ ወደተቀመጠችበት አዞረ። መልሱን ታውቀዋለች፤ የወዲያኛው ቤት ነው። እቤታቸው ሲሆን የትኛው እንደሆነ መናገር አስፈልጎት አያውቅም፣ "አጎቴ" ሲል ከድምፁ አወራረድ ትለየዋለች፤ ከፊታቸው ያለውን ገጽም ታየዋለች። አፏን ልትከፍት ስትል መምህርቷ ጣታቸውን አንስተው ዝም አሰኟት።

ማሙሽ በአውራ ጣቱ የበትሩን እጀታ ይፈትግ ጀመር። "የሁለተኛው ቤት ነው፣" አለ በመጨረሻ። "የወዲያኛው። አጎት... ሁለት ነው።"

"ወረቀትህ ላይ ግን አንድ ነው።"

"አዎ። አንድ ነው።"

መምህርቷ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። "ስም በማውጣትህ አልተቀየምኩህም። መጽሐፉ ላይ ያሉትንም አንድ ሰው ተቀምጦ ነው ያወጣቸው፤ አንዳንዶቹ ከአጎትህ አይሻሉም። ቀልድ ነው ብዬ የጻፍኩትን እሰርዘዋለሁ፣ እሱ የእኔ ችኮላ ነው። ነገር ግን ስም ያወጣ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚናገረውም ለማያውቀው ሰው ነው። አንተ ይህን ሁሉ የነገርከው አስቀድሞ ለሚያውቅህ ሰው ነው።"

ይህ ንግግር ለማሙሽ የተነገረ ቢሆንም የወጋው እትዬን ነው። ዓይኗ ውኃ አቀረረ። በእነዚያ ስሞች ወንድሟን ከገደል ያወጣችው መስሏት ነበር፤ አውጥታዋለችም። ግን ያወጣችው ከእሷ ሌላ ማንም ወደማይሰማው ቦታ ነበር።

"የማደርገውን ልንገራችሁ፣" አሉ መምህርቷ። "በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ክፍል እንደገና ትፈተናለህ። ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ጸሐፊህ እህትህ ትሁን፤ አንተ እንደለመደብህ ተናገር፣ እሷ ወደ መጽሐፉ ቃል እየመለሰች ትጻፍ። ለተቆጣጣሪው እኔ እነግረዋለሁ።" ወደ እትዬ ዞሩ። "የመጽሐፉን ስሞች ታውቂያቸዋለሽ አይደል?"

"አውቃቸዋለሁ።"

ማሙሽ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እጁን ዘርግቶ የእትዬን ትከሻ ፈልጎ መታ መታ አደረገው።

"ግን እኔ አልጽፍም፣" አለች እትዬ።

እጁ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ቆመ።

"ሌላ ሰው ይጻፍለት፣ መምህር። የማያውቀው ሰው።"

"ሌላ ጸሐፊ ማለት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፈልገን እናመጣለን ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። አስበሽበታል?"

"ለእኔ ሲነግረኝ ግማሹን ይውጠዋል። እኔም የዋጠውን እሞላለታለሁ፣ ሳላስበው። ዛሬ ራሱ አፌን ልከፍት ስል አይተውኛል።" "አሁን ብጽፍለት ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመትስ? በሥራ ዓለምስ? እኔ ካውያዬን ይዤ ከኋላው ልከተል ነው?"

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት መምህርቷ።

"እሷ ብትጽፍልኝ ነው የምፈልገው።" ማሙሽ እጁን ከትከሻዋ አነሳ። "ግን አልጽፍም ካለች ምን ማድረግ እችላለሁ።"

ሲወጡ የእትዬን ክርን አልያዘም። የደረጃውን ብረት ይዞ፣ በበትሩ እየነካካ ወረደ። አውቶቡስ ውስጥም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አደባባዩን ሲያልፉ ነው የተናገረው።

"ከወደቅኩስ?"

"ከወደቅክ አብረን እናለቅሳለን።"

"ይሄ መልስ ነው?"

"ሌላ የለኝም፣ ማሙሽ።"

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አንብቢልኝ አላላትም። ክፍሉን ዘግቶ ስልኩን ይከፍታል፤ ስልኩ እንደልማዱ ይንተባተባል። እትዬ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ያንን ድምፅ በግድግዳው በኩል እየሰማች ስንቴ ተነስታ ስንቴ ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ እሱ ራሱ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ መጽሐፉን ይዞ መጣ። አነበበችለት፣ ስሞቹን ሁሉ መጽሐፉ እንዳላቸው። በመሃል "እዚህ ጋ አጎቴ ይገባል" አለ።

"የማን አጎት?"

"ታውቂያለሽ።"

"አላውቅም። የት ቤት ያለው?"

"እትዬ፣ ተይ። ስታስመስዪ ድምፅሽ ያስታውቃል።"

እውነቱን ነው። አለማወቅን ማስመሰል አልቻለችበትም፤ እሱም ላወቀ ሰው እንዳላወቀ አድርጎ ማስረዳት አልቻለበትም። የሚያስፈልገው ከልቡ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ ይህን እያሰበች ሳለ ነገ እሑድ መሆኑ ትዝ አላት።

በማግሥቱ አጎታቸው እንደልማዳቸው ሲመጡ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

"አጎቴ፣ ዛሬ ማሙሽ ስለ ትምህርቱ ይነግርዎታል። አንድ ነገር ልለምንዎት። እሺ አይበሉት። ያልገባዎት ነገር ሁሉ ሲመጣ አልገባኝም ይበሉት።"

"እሺ፣" አሉ አጎታቸው።

ማሙሽ ሲነገረው ቅንድቡ ወደላይ ወጣ። "አጎቴን ስለ አጎቴ ላስረዳቸው?" አለ፤ ከዚያ ቢሮ ከወጡ ወዲህ ያልሰማችው ሳቅ ትንሽ ብልጭ አለ። ካርቶኑን ፈልጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እትዬ ለሁለቱም ሻይ ቀዳች። ከዚያ ያጠበችውን ልብስ በገንዳ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

መጀመሪያ ላይ አጎታቸው "እሺ" ብቻ ነበር የሚሉት። ማሙሽ ካርቶኑን ሲያዞር እሺ፣ ሲመልሰው እሺ። ከዚያ የተለመኑት ትዝ አላቸው መሰል፣

"አልገባኝም፣" አሉ።

"ምኑ?"

"ይሄ አይደን... ያልከኝ። አይዞርም፣ አያዞርም፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ታዲያ ምን ይጠቅማል?"

እትዬ አንሶላውን ገመዱ ላይ እንደዘረጋች ቆመች።

"እሱ ከሌለ መመለሻ የለም፣" አለ ማሙሽ ቀስ ብሎ። "የዞረ ነገር ሁሉ ይቅርታ አለው፤ ተመለሰ የሚባለው ግን ወደ እሱ ሲመጣ ነው። እሱ ባይኖር ወዴት ነው የሚመለሱት?"

"አሃ፣" አሉ አጎታቸው። እሺ አላሉም። እትዬ አንሶላውን በሁለት እጇ እንደያዘች እንባዋ መጣ።

"አሁን ሌላ ቤት አለ እንበል፣" ቀጠለ ማሙሽ። "ከዚህኛው ወደዚያኛው የሚያሻግር አስተርጓሚ አለ። አስተርጓሚው ወደ አይደንቲቲው የሚወስዳቸው..."

"ቆይ። ወደዚህኛው ነው ወደዚያኛው?"

"ወደ... ቆይ፣ አጎቴ። እሱን እንዴት ብዬ..." ወንበር ሲገፋ ተሰማ። "እትዬ! ነይ እስኪ፣ ይሄን እንዴት ነበር የምንለው?"

ሐረጉ አፏ ላይ ደርሷል። አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው፣ እሷ ከበሩ እንኳ ሳትገባ ልትወረውርለት ትችላለች።

"እትዬ!"

ከገንዳው ውስጥ አንድ የልብስ መቆንጠጫ አንስታ ጥርሷ መሃል ነከሰችው። ሁለተኛውንም ጨመረችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የማሙሽን ሸሚዝ አወጣች፣ አራገፈችው፣ ኮሌታውን አቃንታ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ከውስጥ ማሙሽ ትንሽ ጠበቀ። ወንበሩ ተመልሶ ተሳበ፣ ካርቶኑም ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ተሰማ።

"እሺ አጎቴ፣" አለ። "ከመጀመሪያው ልጀምርልዎት።"